የትርንጎ ዋስትና

ወይዘሮ ትርንጎ በሞቱ በስድስተኛው ዓመት፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ለባላቸው ዋስ ለመሆን ሆስፒታል መጡ።

ባላቸው አቶ ዘርጋው፣ ደሴ ከተማ ሬዲዮ እየጠገኑ የሚኖሩት ሰውዬ፣ ድንገተኛ ክፍል ሆዳቸውን ይዘው ተኝተዋል። ትርፍ አንጀታቸው ሊፈነዳ ነው፤ ሐኪሙ ቶሎ ቀዶ ጥገና ካልተደረገላቸው አይተርፉም ብሏል። የጤና መድን ደግሞ የላቸውም። መድኑ የሚወጣው በቤተሰብ ነው፤ ሚስታቸው በሞቱ ሰሞን የቀበሌው ጸሐፊ «የቤተሰብ ብዛት፣ አንድ» ብሎ ሊጽፍ ሲል «ሁለት ነን» ብለው ድርቅ አሉ። አልጽፍም ሲላቸው ቅጹን ጥለው ወጡ። ግትር ናቸው እንግዲህ፣ ምን ይደረጋል።

መድን የሌለው ዋስ ያምጣ ነው ደንቡ። ወይዘሮ ትርንጎ ነጠላቸውን አስተካክለው ከጉያቸው መታወቂያ አወጡ። አፈር ነክቶታል። የካርድ ክፍሏ ልጅ በሶፍት ጠረገችው።

«እማማ፣ የአባባ ካርድ ላይ እርስዎ ሞተዋል ይላል።»

«አዎ» አሉ።

ልጅቷ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን መመሪያ ከላይ እስከ ታች አነበበች። ዋስ የታደሰ መታወቂያ ይኑረው ይላል፤ ሌላ አይልም። መታወቂያው ባለፈው ሰኔ ታድሷል። ማህተሙ የየትኛው ቀበሌ እንደሆነ ባይለይም ጥርት ያለ ነው።

«እዚህ ጋ ይፈርሙ። ዋስትናዎ የሚያበቃው አባባ መድን ያወጡ ዕለት ነው።»

ፈረሙ።

አቶ ዘርጋው ሲነቁ ሚስታቸው አጠገባቸው ተቀምጠው ብርቱካን ይልጣሉ።

«አንተ ሰውዬ፣ ብቻዬን ነኝ ብትል ምን ይጎድልብህ ነበር?»

«ከአፌ አልወጣ አለኝ።»

ደስ አላቸው። ስፌቱ እስኪያማቸው ድረስ ደስ አላቸው።

በአምስተኛው ቀን ወጡና በመንገዳቸው ቀበሌ ጎራ አሉ። ወይዘሮ ትርንጎ የመድኃኒቱን ፌስታል ይዘው ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። ያው ጸሐፊ ቅጹን አወጣ።

«ዛሬስ ስንት ልበል?»

አቶ ዘርጋው በመስኮት ወደ ውጭ አመለከቱ። ጸሐፊው አንገቱን አስግጎ አየ። በወይዘሮዋ ቀብር ዕለት አካፋ ይዞ ነበር።

«ይሁን፣ ተረቱኝ» አለ። «ሁለት ብዬ እጽፋለሁ።»

ይህን ቃል ስድስት ዓመት ጠብቀውታል። ነገር ግን ቅጹ ከተሞላ መድን ወጣ ማለት ነው፤ መድን ከወጣ፣ ሚስታቸው እንደነገሯቸው፣ ዋስትናው ያበቃል፤ ዋስትናው ካበቃ ትርንጎ ወደ መጡበት ይመለሳሉ። አቶ ዘርጋው እስክሪብቶውን ከጸሐፊው እጅ ቀስ ብለው ወሰዱና ክዳኑን ገጠሙት።

«ሌላ ጊዜ እመጣለሁ» አሉ።

ውጭ ሚስታቸው ቀና ብለው አዩአቸው።

«ጨረስክ?»

«አልጨረስኩም።»

«ግትር» አሉና ክንዳቸውን ያዙ።

ቤት ሲደርሱ አቶ ዘርጋው ኪሳቸውን መዳበስ ጀመሩ። ወይዘሮ ትርንጎ ግን ቀደሙ፤ በቀብራቸው ዕለት ባላቸው የሬሳ ሳጥኑ ውስጥ፣ መዳፋቸው ላይ ያስቀመጡላቸውን ቁልፍ አውጥተው በሩን ከፈቱ። ከቁልፉ ቀዳዳ ቀይ አፈር መፍሰስ ጀመረ። ሁለቱም ደጃፉ ላይ ቆመው፣ ፈሶ እስኪያልቅ ጠበቁና ገቡ።