ውሃ የሚሰርቅ ሌባ

አጎቴ ሁለቱን በርሜሎች በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ይዞ ሲመጣ፣ እናቴ እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጇ ተቀበለቻቸው።

"ኦክ ናቸው" አለ፣ እኛ ቤት እንጨት በስም የሚለይ ሰው ያለ ይመስል። "ንጹሕ ኦክ። መንትያ ናቸው፤ ከአንድ ግንድ የወጡ። እያንዳንዳቸው አምስት ሊትር ይይዛሉ። ውስጣቸው በእሳት ተለብልቧል። መጠጡ እዚህ ውስጥ ሦስት ዓመት ይከርምና ታላላቅ ሆቴሎች ደጄን ይጠናሉ።"

"የማንን ደጅ?" አለ አባቴ። "ደጁ እንኳ የኔ ነው።"

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ጉዳት ገማች ነበር። የተቃጠለ ሱቅና የተጋጨ መኪና እየዞረ ያይና "ይኼ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው" ብሎ ይጽፋል። ጡረታ ሊወጣ አንድ ዓመት ሲቀረው ሚስቱ ቀድማው ወጣች፤ እሱም ለጥቂት ሳምንት ብሎ እኛ ቤት ገባ። አራት ዓመት ሆነው። አባቴ "ሊቁ" ይለዋል። አጎቴ ሙገሳ ይመስለዋል።

ለምን ትንሽ በርሜል እንደመረጠ ጠየቅኩት። "ትልቅ ለነጋዴ፣ ትንሽ ለዐዋቂ" አለኝ። የበርሜል ሻጩ አባባል መሆኑ ያስታውቃል፤ ትልቁ ሳያልቅበት አልቀረም።

በቤቱ ውስጥ ፀሐይ የማይገባበት ክፍል የኔ ነው። ስለዚህ አንደኛው በርሜል ከመጽሐፍ መደርደሪያዬ ሥር ተቀመጠ። ሁለተኛው ለጌጥ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቀረ። የኬሚስትሪ ተመራቂ ነኝ፤ የምሠራው የመጠጥ ውሃ መመርመሪያ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ስለ እንጨትና ስለ አልኮል ሁሉን ዐውቃለሁ አልልም። ደረቅ እንጨት እንደሚያፈስ ለማወቅ ግን ዲግሪ አያስፈልግም።

"መጀመሪያ ውሃ ሙላበት" አልኩት። "እንጨቱ ጠጥቶ ሲያብጥ ስንጥቁ ይገጥማል። ከዚያ መጠጡን ትጨምራለህ።"

"ሻጩ እንደዚህ አላለኝም።"

ቀለም የሌለውን፣ ጉሮሮ የሚልጠውን አልኮል ገለበጠበት። በርሜሉ በየመጋጠሚያው አለቀሰ። ምንጣፌ ሳምንት ሙሉ እንደ መርፌ መውጊያ ክፍል ሸተተ። አጎቴ የተረፈውን ወደ ጠርሙስ መልሶ በርሜሉን አራት ቀን ውሃ ውስጥ ከነከረ በኋላ፣ "ለካ ማሳበጥ ነው መላው!" እያለ ዘዴውን ለእናቴ አስተማራት። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

ሌላም ነገር ነግሬው ነበር። ሦስት ዓመት የሚከርመው፣ ሰው በሚያህል በርሜል ውስጥ ያለው መጠጥ ነው። በርሜሉ ባነሰ ቁጥር መጠጡን የሚነካው እንጨት ይበዛል፤ ትንሽ ድስት ቶሎ እንደሚያርረው ማለት ነው። ስድስት ሳምንት ይበቃዋል፤ በየሳምንቱ በማንኪያ እየቀመስክ፣ ሲጥምህ አውጣውና ወደ ጠርሙስ መልሰው አልኩት።

"አንቺ የቧንቧ ውሃሽን መርምሪ" አለኝ። "ሳይደርስ የሚቀምስ ሰው ዕቃ አያውቅም።"

አልቀመሰም። በምትኩ መመዘን ጀመረ። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን በርሜሉን የእናቴ የኩሽና ሚዛን ላይ እንደ ሕፃን አስቀምጦ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ክብደቱን ከመሥሪያ ቤቱ ይዞት በወጣው ደብተር ላይ ይጽፋል። ምን ጎደለ የሚል ሰው ምን ጊዜም የጎደለ ነገር አያጣም።

በአራተኛው ወር፣ እሑድ ምሳ ላይ፣ ደብተሩን ሳህኑ አጠገብ ዘረጋው።

"አምስት መቶ ስልሳ ግራም" አለ። "በርሜሉ አልተሰነጠቀም። ወለሉ ደረቅ ነው። በሙያዬ ይኼ ነገር አንድ ስም ብቻ ነው ያለው።"

"አዎ፣ ትነት ይባላል" አልኩ።

"እትዬ፣ ይቺን ልጅ ዝም አሰኚያት።"

"እንጨት ይተነፍሳል፣ አጎቴ። ትንሽ በርሜል ደግሞ ይብስበታል። በወር አንድ መቶ አርባ ግራም ቢጎድል ምንም አያስገርምም።"

"በርሜል አይጠጣም፤ የሚጠጣ ሰው ነው።" ወደ አባቴ ዞረ። "ጋሼ፣ እኔ ማንንም አልወነጀልኩም። ብቻ እዚህ ቤት ውስጥ መጠጥ የሚያውቅ ሰው ስንት ነው? እስቲ እርስዎ ይቁጠሩልኝ።"

አባቴ መጠጥ ካቆመ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን እኛ ቤት ማንም አያነሳውም። እኔ የማስታውሰው የእናቴን አፍንጫ ነው። ማታ በሩን ስትከፍትለት ከፊቷ ሁሉ ቀድሞ የሚወጣው አፍንጫዋ ነበር።

አባቴ ማንኪያውን አስቀመጠ። የተመለከተው አጎቴን ሳይሆን እናቴን ነው።

"እሱ እኮ ትቶታል" አለች እናቴ። ጥሩ አለች። ከዚያ ተነሥታ ሳህኑን ልታነሳ ጎንበስ ስትል፣ ለሳህን ከሚያስፈልገው በላይ ጎንበስ አለች፤ በአፍንጫዋም ሳበች። አየኋት። አባቴም አያት።

"ሊቁ፣ ግምትህን ጨረስክ?" አለ አባቴ።

"እኔ እኮ፣ ጋሼ..."

"ጨርሰሃል።" ተነሥቶ ልብሱን በቦርሳ ሊከት ወደ መኝታ ቤት ገባ።

ኮቱ ኮሪደሩ ላይ ተሰቅሏል። እኔ፣ ትነት ነው ብዬ የተከራከርኩት፣ አምስት መቶ ስልሳን ለአራት ያካፈልኩት፣ ሄጄ ኮቱን አሸተትኩ። የማሽን ዘይትና የብረት ብናኝ ነው የሚሸተው። ደግሜ አሸተትኩ። ቀና ስል አባቴ ቦርሳውን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ላቀብለው የመጣሁ መስዬ ኮቱን ሰጠሁት። "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎኝ ወጣ።

አባቴ ቁልፍ ሠሪ ነው። አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ያለችው ሱቁ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። በስፖንጅ ፍራሽ ላይ፣ የተሰቀሉ ባዶ ቁልፎች ሥር መተኛት ጀመረ።

እናቴ በሁለተኛው ቀን መላ አገኘች። "ለምን ቁምሳጥን ውስጥ አትቆልፍበትም? ከዚያ ከጎደለ ይለይለታል።"

አጎቴ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። "እትዬ! ከቁልፍ ሠሪ ላይ ቁልፍ?"

በአራት ዓመት ውስጥ የተናገረው ትክክለኛ ነገር ይኼ ብቻ ነው። አባቴ የከተማውን በር ግማሽ በሽቦ ይከፍታል። በዓለም ላይ ንጽሕናውን በቁልፍ ማስመስከር የማይችል ሰው ቢፈለግ እሱ ነው።

ወደ ሱቁ ሄድኩ። ቁልፍ ይሞርዳል።

"ቤት ና እንጂ፣ አባባ።"

"የጠራኝ አለ?"

"እኔ ጠራሁህ። ትነት እንደሆነ አስረድቻቸዋለሁ። ቁጥሩን ላሳይህ፣ ተመልከት..."

"ለኔ ምን ታስረጂኛለሽ?" አለ ቁልፉን ወደ ብርሃን አንሥቶ ጥርሶቹን እያየ። "እኔ አለመጠጣቴን ዐውቃለሁ። ለማያውቁት አሳዪ። እናትሽ ራሷ መጥታ ትጥራኝ።"

ስለዚህ ለማያውቁት ማሳየት ነበረብኝ። ቁጥር እንደማይሠራ አይቻለሁ። ወደ ቤት ስመለስ ቴሌቪዥኑ አጠገብ የተገተረውን ጌጥ አነሳሁት።

"ምን ልታደርጊው ነው?" አለ አጎቴ።

"ውሃ ልሞላው። የመጀመሪያዎቹን አራት ቀናት ያብጣል። ከዚያ ደረቅ አድርጌ እወለውለውና ከወንድሙ ጎን አስቀምጠዋለሁ። ወር ሲሞላ ሁለቱንም አንተው ራስህ ትመዝናቸዋለህ።"

"ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ" አለና ሳቀ። ተሸክሞ ያደረሰልኝ ግን እሱ ነው። የኔን መዋረድ ለማየት ወገቡን መጉዳት አይከብደውም። ካበጠ በኋላም የውሃውን በርሜል ክብደት በራሱ እጅ ደብተሩ ላይ ጻፈ፤ ፈረመበትም።

ወሩ ሙሉ እናቴ የምሳ ዕቃውን በኔ ላከችለት። ራሷ አልሄደችም። ለምን ስላት "እንዴት ብዬ?" አለች። በሁለት እግርሽ ብዬ ልመልስላት ነበር፤ ተውኩት።

ወሩ ሞላ። እናቴ ምድጃው ላይ ሽንኩርት ታቁላላለች። አጎቴ መነጽሩን ሰቀለ። መጀመሪያ መጠጡን መዘነ።

"አንድ መቶ አርባ ጎድሏል!" አለ፤ ደስ አለው። "አላልኩም? ቀን ቀን ይገባል ማለት ነው። ሁላችሁም ስትወጡ።"

"አንተ መቼ ወጥተህ ታውቃለህ?"

"ስተኛ ነዋ! የቤቱ ቁልፍ አለው። ባይኖረውም ይሠራል።"

"እሺ። አሁን ውሃውን።"

መዘነ። መነጽሩን አወረደ። በርሜሉን አንሥቶ ደግሞ አስቀመጠው። ሚዛኑን በጣቱ ኮረኮረው።

"ስንት ነው?" አልኩት።

"ይኼ ሚዛን..."

"አሁን መጠጡን የመዘንክበት ሚዛን ነው። ስንት ጎደለ?"

"አንድ መቶ ሃያ አምስት።"

"ውሃውንስ ማን ሰረቀው?" አልኩ። "አባባ ከአውቶቡስ ማቆሚያ ድረስ መጥቶ፣ በር በሽቦ ከፍቶ፣ መደርደሪያዬ ሥር ተንበርክኮ የቧንቧ ውሃ ጠጣ? ኩሽናው ሁለት እርምጃ ላይ እያለ?"

"ይኼኛው በርሜል ጥራቱ ዝቅ ያለ ነው።"

"መንትያ ናቸው ብለህ ነበር። ከአንድ ግንድ።"

"መንትያስ ቢሆኑ? ከመንትያ አንዱ ሌባ አይወጣውም?"

እናቴ ጋዙን አጠፋች። ሽንኩርቱ ገና አልበሰለም ነበር። ቁጥሩ እንዳላሳመናት ርግጠኛ ነኝ፤ ያንኑ ቁጥር ከወር በፊት ከአፌ ሰምታዋለች። ያሸነፋት ውሃ የሚሰርቅ ሌባ በዓይነ ኅሊናዋ መሣል አለመቻሏ ነው። ሽርጧን ፈትታ፣ የውጭ ጫማዋን አድርጋ ወጣች።

"ወዴት ነው የምትሄደው?" አለ አጎቴ።

"ጉዳት ልትገምት" አልኩት።

ሱቁ ውስጥ ምን እንዳለችው አላውቅም፤ ሁለቱም አልነገሩኝም። ከሁለት ሰዓት በኋላ አብረው ገቡ፤ እሷ አንድ እርምጃ ከኋላ። አባቴ ቦርሳውን አላስቀመጠም። በቀጥታ ወደ ክፍሌ ገብቶ በርሜሉን አንሥቶ አመጣና የምግብ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ከዚያ በኪሱ ያለውን የመክፈቻ ቀለበት፣ ሽቦና ቀጫጭን ብረት የተንጠለጠለበትን፣ ከጎኑ አስቀመጠ።

"ሊቁ፣ በዚህ ሻንጣህን እከፍታለሁ። የልብስ ሳጥንህን እከፍታለሁ። አራት ዓመት ሙሉ አንዱንም አልከፈትኩም። ይኼ ደግሞ ቁልፍ እንኳ የለውም፤ ቧንቧ ነው ያለው። እሱንም አልነካሁም። አሁን አንተ ክፈተው።"

"ጋሼ፣ ሦስት ዓመት እኮ ነው! ገና አምስት ወሩ ነው! ጽንስ ማስወረድ ነው ይኼ!"

"ክፈተው" አለች እናቴ።

አጎቴ እህቱ እንደዚያ ባለ ድምፅ ስትናገር ሰምቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ብርጭቆ አምጥቶ ቧንቧውን አዞረው። የወረደው ነገር ጥቁር ቡናማ፣ ወፈር ያለ፣ የዛገ ጣሪያ ላይ ወርዶ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ የሚመስል ነው። አጎቴ ብርጭቆውን አወዛወዘ፤ ይኼን ከቴሌቪዥን ተምሮታል። ከዚያ ጠጣ።

ፊቱ ጥርስ እንደሚነቀል ሰው ተሰበሰበ። ምላሱ ከላንቃው ጋር ሲጣበቅ ድምፁን ሰማሁት። ዋጠው፤ ሲውጥ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"እሺ?" አልኩት።

"ባሕርይ አለው" አለ በደረቀ አፍ።

በጣቴ ጫፍ ነክቼ ቀመስኩት። የተቀቀለ በር ነው። ሰው ይኼን ከሚጠጣ ቆዳ ቢያለፋበት ይሻላል።

አባቴ ብርጭቆውን አነሣ። እናቴ ትንፋሿን ያዘች፤ እኔም ያዝኩ። ከንፈሩ አላደረሰውም። አፍንጫው ሥር አድርጎ አንድ ጊዜ ብቻ ሳበ፤ ቀስ ብሎ፣ ሥራውን እንደሚያውቅ ሰው። ከዚያ ብርጭቆውን መልሶ አስቀመጠና በጣቱ ወደ አጎቴ ገፋው።

"ለዚህ ነው የተጠረጠርኩት?" አለ። "እኔ በጠጣሁበት ዘመን፣ መሬት ላይ ወድቄ በተገኘሁበት ዘመን እንኳ፣ ይኼን አልሰርቅም ነበር።"

አጎቴ ቧንቧውን ጠበቅ አደረገና በርሜሉን አቀፈው። "ገና ነው እኮ" አለ ለማንም ሳይሆን። "ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ይቀረዋል።" ወደ ክፍሌ ሊመልሰው ሲነሣ በሩን ፊቱ ላይ ዘጋሁት። አሁን ሳሎን ውስጥ፣ አልጋ ባደረገው ሶፋ ሥር ነው ያለው። እየመዘነ ይጽፋል። በሚጎድለው ግራም ትይዩ ምን እንደሚጽፍ አላየሁም።

አባቴ ቤቱ ተመለሰ። ከሥራ ሲመጣ እናቴ በሩን ስትከፍትለት ጫማውን ሳያወልቅ ይቆምና ፊቷ ላይ "ሃህ" ብሎ ይተነፍስባታል።

"ተው እንግዲህ፣ አንተ ሰው" ትለዋለች።

"ቀልድ ነው" ይላል።

በየቀኑ ነው የሚቀልደው። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ትቀበለዋለች፤ በአፍንጫዋ እንዳትስብ ስትጠነቀቅ ይታያል። አንድ ቀን እኔ በሩን ከፈትኩለት። ፊቴን አላቀረብኩም፤ ግን አልሸሸሁም። አባቴ አልተነፈሰብኝም። ኮቱን አወለቀ፣ ዘርግቶ ሰጠኝ።

"ላንቺ እሱ ይበቃሻል" አለና አልፎኝ ገባ።