ያቺ ሴትዮ አልመለሰችም

አባቴን በጥፊ የመታሁት ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ላሳምረው ብል የሚያምር ነገር የለውም። እኔ በር ላይ ከደንበኛ ጋር ቆሜ ሳወራ፣ እሱ አጣጥፌ ካስቀመጥኳቸው የተማሪ ዩኒፎርሞች የአሥራ አንዱን እጅጌ በትንሿ መቀስ ተርትሮ ጠበቀኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ወገቤን ያጎበጠኝን ሥራ!

ስፌት ያስተማረኝ እሱ ነው። ጠማማ ስፌት ካየ ምንም ሳይናገር ይተረትርና መልሶ ፊቴ ያስቀምጥልኝ ነበር። አሁን ስሜን ረስቷል፣ እናቴ መሞቷን ረስቷል፣ መተርተሩን ግን አልረሳም። ቀጥ ያለውን ከጠማማው አይለይም፤ ያገኘውን ይተረትራል።

አፌ የማያርፍ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እጄን ሳነሳ ግን ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር ብል ደስ ባለኝ። አልነበረም። በፊተኛው ጊዜ ተንበርክኬ፣ አፍንጫዬ እስኪዘጋ አልቅሼ፣ አይለምደኝም ብዬ ለእግዚአብሔር ቃል ገብቼ ነበር። ጩኸቱንማ ተዉት፤ እሁድ ተጸጽቼ ሰኞ አራት ሰዓት ሳይሞላ እጀምረዋለሁ።

ጉንጩን ይዞ አየኝና "እትዬ፣ ምን አጠፋሁ?" አለኝ። እትዬ! የገዛ ልጁን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መጸለይ አቆምኩ። በየትኛው ፊቴ? ሰው አንድን ነገር ስንቴ ይቅር በለኝ ይላል? እግዚአብሔር እንኳ "ደሞ መጣች" የሚለኝ መሰለኝ። እኔ ብሆን እላለኋ።

ሐሙስ አክስቴ፣ የአባቴ ታናሽ እህት፣ ልትጠይቀን መጣች። ገና ከመግባቷ ጉንጩ ላይ የቀለበቴን ጭረት አየች።

"ወንድም ጋሼ ምን ሆኖ ነው?"

"ወድቆ ነው።"

ዓይኗን ከጭረቱ ወደ ቀለበቴ መለሰች። መዋሸት ሆኖልኝ አያውቅም።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "መታሁት።"

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። "ልብሱን ሰብስቢልኝ፣ እኔ ጋ ይቆያል" አለች።

"ለስንት ቀን?"

"ልጄ፣ ደክሞሻል" አለችኝ እጄን ይዛ። ለስንት ቀን እንደሆነ አልነገረችኝም። ልብሱን መሰብሰብ ጀመርኩ፤ እውነቷን ነው።

ንጹሕ ሸሚዝ አለበስኩት። የአንገቱን ቁልፍ ልቆልፍለት እጄን ወደ ፊቱ ሳነሳ ትከሻውን ሰብስቦ ዓይኑን ጨፈነ። ማክሰኞን አያስታውስም፣ እኔንም አያስታውስም፤ ትከሻው ግን ያስታውሳል። ቁልፉን አክስቴ ቆለፈችለት።

ሳይወጡ አክስቴ "እንጸልይ" ብላ ጀመረች። ገና ሁለት ቃል ሳትናገር አባቴ ከአፏ ነጠቃት። በደህናው ዘመን ጉባኤ ፊት ቆሞ ጸሎት የሚመራ ሰው ነበር፤ ያ የድሮው ወፍራም ድምፁ ከየት እንደመጣ እንጃ።

"ጌታ ሆይ፣ ማረን" አለ።

"ማረን" አለች አክስቴ።

እኔ ዝም አልኩ። አባቴም አልቀጠለም። ያኔም ሕዝቡ ሁሉ ካልመለሰለት አይቀጥልም ነበር፤ ኋላ ወንበር ላይ የሚያንጎላጁትን ሳይቀር ቆሞ ይጠብቃቸዋል።

"ያቺ ሴትዮ አልመለሰችም" አለ በጣቱ እያሳየኝ።

"እኔ ይቅርብኝ አባዬ። የመታሁህ እኮ እኔ ነኝ። ነገም አለመምታቴን እንጃ።"

ጉንጩን ዳሰሰ። የነገርኩት ገብቶት ይሁን አሞት አላውቅም። ከዚያ ሥራ እንደሚያሳይ ሰው ቆጣ አለና "ታዲያ ማን ሊለው ነው?" አለኝ። "ያልበደለ ሰው ምን ብሎ ማረኝ ይላል? በይ መልሺ፣ ሰው ቆሞ እየጠበቀ ነው።"

"ማረን" አልኩ በለቅሶ።

"አልተሰማም።"

"ማረን!"

ራሱን በእሺታ ነቀነቀና ጸሎቱን ቀጠለ። ጌታ እንደሰማኝ ያወቅሁት እዚያው በሩ ሥር ቆሜ ነው። ተሻሽዬ አልነበረም። ቃልም አልገባሁም፤ የምገባው ቃል አልቆብኝ ነበር። ክርስቶስ የሞተው አንድ ቀን ለምትሻሻለዋ ለእኔ ሳይሆን ለዚህችው ለእኔ መሆኑን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬ፣ ያመንኩት ያን ቀን ነው። ከዚያ አክስቴ የጠራችው መኪና መጣና አባቴን ይዛው ሄደች።

ጠባዬ በአንድ ቀን የት ይሄዳል። ቅዳሜ "የመድኃኒቱን ሰዓት አሳለፍሽበት" ብዬ አክስቴ ላይ በስልክ ጮህኩባት። ግን እሁድ እስኪመጣ አልጠበቅሁም፤ ስልኩን ሳልዘጋ "ማረኝ" አልኩ።

"እኔን ነው ወይስ ጌታን?" አለች አክስቴ።

"ሁለታችሁንም" አልኳት።

በሳምንቱ ልጠይቀው ሄድኩ። አጠገቡ ልቀመጥ ስል ትከሻውን ሰበሰበ። እግዚአብሔር ይቅር ብሎኛል፤ አልጠራጠርም። የአባቴ ትከሻ ግን ገና ነው። ወንበሬን ራቅ አድርጌ ተቀመጥኩና፣ እንዲያያቸው ሁለቱንም እጆቼን ጉልበቴ ላይ ዘረጋኋቸው።