ጠብ ያቆየው ጫካ

ታናሽ አጎቷ የሞተር መጋዙን ገመድ ደጋግሞ ስቦ አልነሳ ሲለው፣ እየሮጠች ደርሳ እጁን ያዘች።

"ልቀቂ፣ ትቆረጫለሽ።"

"አለቅም። መጀመሪያ የምልህን ስማ።"

ታላቅየው አጎቷ ችካል ተሸክሞ ከወዲያ ማዶ ሳቀ። "ዶክተር ጉንዳን መጣች። በል ተወው፣ ሳትጮህ አትመለስም።"

ስሙን ያወጣላት እሱ ነው፤ የጉንዳን ተመራማሪ ከሆነች ወዲህ በሌላ ስም ጠርቷት አያውቅም።

ወንድማማቾቹ በወሰን ተጣልተው ለዓመታት ሳይነጋገሩ ኖረዋል። እያንዳንዱ "ችካሉን ወደ እኔ የገፋው እሱ ነው" ይል ነበር። በሁለቱ ማሳ መካከል ያለችውን ቀጭን የዛፍ መስመር ደፍሮ የነካ ስላልነበረ፣ ዳገቱ ላይ ካለው ትልቅ ጫካ እስከ ወንዙ ዳር ትንሽ ጫካ ድረስ ሳትቆረጥ ቆየች። ያስታረቀቻቸው ራሷ ተመራማሪዋ ናት። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ተመላልሳ፣ ተቆጥታ፣ አልቅሳ አስታረቀቻቸው። ታረቁና የመጀመሪያ ሥራቸው መስመሯን መንጥሮ መካፈል ሆነ። ጫካ የሚጨርሱት ክፉ ሰዎች ብቻ ቢሆኑ ነገሩ በቀለለ ነበር። አብዛኛውን የሚመነጥሩት እንደነዚህ ያሉ፣ ለልጆቻቸው የሚያስቡ፣ ደስ ብሏቸው የሚሠሩ ሰዎች ናቸው።

"ለጉንዳን ብለሽ ነው?" አለ ታናሽየው። "ቤቴ የስኳር ዕቃው ውስጥ ሞልቷል። ነይና ቁጠሪልኝ።"

"እሱማ የትም የሚኖር ዓይነት ነው። አውራ ጎዳናው ለሁለት የከፈለውን ጫካ ሄደህ እይ፤ የቀረው እሱ ብቻ ነው። በሰልፍ የሚጓዘው ገብረ ጉንዳን ከዚያ ጠፍቷል።" ድምጿ እየጋለ ሄደ። "ንግሥቲቱ ክንፍ የላትም። በርራ ሌላ ጫካ አትገባም፤ ከመንጋዋ ጋር በእግሯ፣ በጥላ ሥር ነው የምትሄደው። ፀሐይ ያነደደውን ማሳ አታቋርጥም። ይህችን መስመር ከቆረጣችሁ፣ የታችኛው ጫካ መንጋ አንድ ቀን ሲያልቅ የሚተካው አይመጣም።"

"ይለቅ። ይናከሳል።"

ስድብ አፏ ድረስ መጣ። ዋጠችውና ክንዱን ይዛ ወደ ዛፎቹ ሥር ጎተተችው፤ ታላቅየውም ተከተለ። የረገፈውን ቅጠል በእንጨት ገለጥ አደረገች። ጥቁር ሰልፍ እጮቹን ተሸክሞ ቁልቁል ወደ ወንዙ ይተማል።

ታላቅየው ቁጢጥ አለ። "እነዚህ ቤት የገቡብን ጊዜ ትዝ ይልሃል?"

"እናታችን አዝላኝ ወጣች።"

"አንተን አዝላ፣ እኔን በጆሮዬ እየጎተተች። ስንመለስ ቤቱ ውስጥ አንዲት በረሮ አልነበረችም፣ አይጥ እንኳ፤ ሁሉን ጠርገው በልተው ሄደዋል። ከዚያ ወዲህ 'ምነው እንግዶቼ ቀሩ' ስትል ኖረች።"

ታናሽየው ሳቀ። መጋዙን ግን አላስቀመጠም። "እሺ፣ ዕርቁስ? ዛፉ እንደቆመ ከቀረ፣ ሰው ሁሉ አልታረቁም ብሎ ነው የሚያወራው።"

"እሱስ እውነት ነው" አለ ታላቅየው።

ለዚህ የሚሆን ጥናት ተመራማሪዋ አልነበራትም።

ታናሽየው ሰልፉን ትንሽ ሲያይ ቆየ። ከዚያ መጋዙን ግንድ ላይ አስደግፎ በእሱ በኩል ወዳለው የወሰን ችካል ሄደና ነቀለው። ወደ ራሱ ማሳ ገባ ብሎ፣ ከባቄላው መሃል በድንጋይ መትቶ ተከለው።

"ምን መሆንህ ነው?" አለ ታላቅየው።

"ከችካሉ ወዲያ አላርስም፤ ጥላው ሰፋ ይበልላቸው። ሰውም ይህን አይቶ ያውራ።"

"አሃ። አሁን ደግሞ በደግነት ልትበልጠኝ ነው።"

ታላቅየው ተሸክሞት የመጣውን ችካል አንስቶ በመስመሯ ማዶ ወደ ማሳው ወረደ። ዞሮ የወንድሙን ችካል በዓይኑ ለካ። ከዚያ አንድ እርምጃ ጨምሮ መትከል ጀመረ።