መሊካ የተኛችበት ሌሊት

መሊካ ጨርቁን የቆረጠችው ተኝታ ነው። ዓይኗ ተከፍቶ፣ እጇ መቀሱን እንደያዘ፣ በቁሟ ተኝታ። አምቦ ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ጨርቅ ስትሸጥ አንድ ቀን እንኳ መቀሷ ዘንበል ብሎ አያውቅም። ያን ዕለት ግን ለሙሽራ እናት የተመረጠውን አረንጓዴ ከፋይ ጨርቅ ከመሐሉ ጀምራ አጣማ ሰነጠቀችው። ደንበኛዋ ከጉደር የመጣች ጎልማሳ ሴት ነበረች። ልትቆጣ አፏን ከፈተችና የመሊካን ፊት ስታይ ተወችው።

«አንቺ ልጅ፣ ከተኛሽ ስንት ቀንሽ ነው?»

«ኧረ እተኛለሁ።»

«አትዋሺኝ። እኔም መንታ የወለድኩ ጊዜ እንዲህ አድርጎኝ ነበር። ጤና ጣቢያ ለንሳ የምትባል ነርስ አለች፤ የአእምሮ ክፍል ነው የምትሠራው። ሂጂና እያት። ሰው እብድ ይለኛል ብለሽ ደግሞ እንዳትቀሪ።»

መሊካ ሌላ ጨርቅ ቆርጣ ሸኘቻት። በደንብ ከተኛች አርባ አንድ ቀኗ ነበር። አንዳንዴ ግድግዳ ተደግፋ ሸለብ ያደርጋታል፤ ነገር ግን እንቅልፉ ጠለቅ ሊል ሲል ልቧ ይዘልና ትባንናለች። ከባነነች በኋላ እስኪነጋ በዓይኗ አይዞርም። ወንድሟ ደሊል ከሞተም አርባ አንድ ቀኑ ነበር።

ደሊል የሚጥል በሽታ ነበረበት። በሽታው የጀመረው በዘጠኝ ዓመቱ፣ እናታቸው በሞተች በዓመቱ ነው። ያኔ መሊካ ሃያ ዓመቷ ነበር። አባታቸው ሐጂ ሙሂዲን ከስልጤ አገር በልጅነታቸው ወጥተው፣ ጨርቅ በትከሻቸው ተሸክመው ከጊንጪ እስከ ሸነን ገበያ ለገበያ ሲዞሩ ኖረው፣ በመጨረሻ አምቦ ላይ ሱቅ የከፈቱ ሰው ናቸው። ጥሩ አባት ነበሩ፤ የታመመ ልጅ ማስታመም ግን አይችሉበትም። ልጁ ሲወድቅ ወደ ደጅ ይወጣሉ። ስለዚህ ደሊል የመሊካ ሆነ። በጓሮ በኩል ባለችው ክፍል፣ በሁለቱ አልጋ መካከል የአንድ ክንድ ክፍተት ብቻ ትተው አብረው ያድሩ ነበር። አልጋው ገና ሲንቀሳቀስ እሷ ተነስታለች። በጎኑ ታስተኛዋለች፣ ምራቁን ትጠርግለታለች፣ እስኪያልፍለት ድረስ «አለሁ፣ አለሁ» ትለዋለች። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ተልኮባት፣ ሁለቱንም ጊዜ «ልጁ ትንሽ ይጠንክር» ብላ መለሰች። ልጁ ጠነከረ፤ ጢም አወጣ፤ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ስልክ ጠጋኝ ሆነ። ክፍተቱ ግን ያው የአንድ ክንድ ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ መሊካ ሸነን ገበያ ውላ ስትመለስ መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ገፋ። ቤቷ የገባችው እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ነበር። ደሊል ውሃ አሙቆ በመታጠቢያ አቀረበላት።

«ዛሬ እንኳ እንደ ሰው ተኚ» አላት እየሳቀ። «መድኃኒቴን ውጫለሁ። ደህና ነኝ።»

ተኛች። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ተኝታ በማታውቀው እንቅልፍ ተኛች። ስትነቃ የሱብሒ አዛን አልፎ፣ በመስኮቱ ስንጥቅ ብርሃን ገብቶ ነበር። መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው፤ ሰውነቷ እንዴት ቅልል እንዳላት ዛሬም ድረስ ታስታውሰዋለች። ከዚያ ዞር አለች። ደሊል በሆዱ ተኝቶ፣ ፊቱ ትራሱ ውስጥ ተቀብሮ ነበር። ከቀዘቀዘ ቆይቷል።

አባቷ ጩኸቷን ሰምተው ከፊት ለፊቱ ቤት በባዶ እግራቸው መጡ። በሩ ላይ ቆመው «አጠገቡ ነበርሽ?» አሏት።

«ነበርኩ አባ። ይዤው ነበር። አልተሰቃየም፤ እጄ ላይ ነው ያለፈው።»

ከየት እንደመጣላት አታውቅም። ሽማግሌው ግን «አልሐምዱሊላህ» ብለው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ በኋላ ለቅሶ ለደረሰ ሁሉ ይህንኑ ይናገሩ ነበር። «ልጄ ብቻውን አልሄደም። እህቱ እጅ ላይ ነው ያለፈው።» መሊካ ውሃ ይዛ በመጣች ቁጥር ይህን ቃል ትሰማለች፤ በሰማች ቁጥርም ውሃውን አስቀምጣ ወደ ጓዳ ትመለሳለች።

ጨርቁን ባበላሸች በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ሄደች። ለንሳ የደንዲ ልጅ ናት፤ ቀጠን ያለች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ። «አካም ጅርታ» ብላ ተቀበለቻትና በአማርኛ ቀጠለች።

«ኪኒን ልሰጥሽ እችላለሁ። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እንሞክር። ሰውነት ራሱን ማሳረፍ ይረሳል፤ መልሰን እናስተምረዋለን።»

ወንበሩ ላይ አደላድላ አስቀመጠቻትና ዓይኗን አስከደነቻት። «ቀኝ እጅሽን ጨብጪ። ጠንከር አድርጊው… አሁን ልቀቂው። ክንድሽን ገትሪ… ልቀቂው። አሁን ደግሞ መንጋጋሽን ግጠሚ፣ አንገትሽን አጠንክሪ…»

መሊካ ብድግ አለች። ወንበሩ ከኋላዋ ተገለበጠ። ለንሳ «ምን ሆንሽ?» ስትል እሷ ከበሩ ወጥታለች። ከጤና ጣቢያው እስከ ሱቋ ባጃጅ ሳትይዝ፣ ዝናቡን ከቁም ነገር ሳትቆጥር ሄደች። ሁለተኛም ላትመለስ ለራሷ ማለች።

በሳምንቱ ለንሳ ራሷ ሱቅ መጣች። ጃንጥላዋን በሩ ላይ አቆመችና የመሊካን ካርድ ከቦርሳዋ አወጣች።

«ረስተሽው ነው የሄድሽው። ገዢ ካለ ልመለስ፤ ከሌለ ግን ልቀመጥ።»

በዚያ ዝናብ ገዢ አልነበረም። ለንሳ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። «ምን እንዳደረግሁሽ ንገሪኝ» አለች።

መሊካ አንድ የጨርቅ ጥቅል አንስታ ታሻሽ ጀመር። «ደሊልን እንደዚያ ነበር የሚያደርገው» አለች በመጨረሻ። «መጀመሪያ እጁ ይጨበጣል። ቀጥሎ ክንዱ ይገተራል። ከዚያ ጥርሱ ይገጥማል። እኔን ልታሳርፊኝ ብለሽ እሱን ሰውነቴ ውስጥ አስገባሽብኝ።»

ለንሳ አፏን በእጇ ያዘች። «ይቅርታ እህቴ። በምን እንደሞተ አልጠየቅሁሽም። መጠየቅ ነበረብኝ።»

ይቅርታው ነው መሰል የመሊካን አፍ የፈታው። በርጩማው ላይ ተቀምጣ፣ አሥራ አራት ዓመት አጠገቡ ማደሯንም ለማንም ያልነገረችውንም ነገረቻት። «ተኝቼ ነበር። አልያዝኩትም። ሞቶ ነው ያገኘሁት። ለአባቴ ዋሸሁ።» ድምፅዋ ሲወጣ የሌላ ሰው መሰላት።

ለንሳ በማጽናኛ ቃል አልጀመረችም። «ነቅተሽ ቢሆን ይተርፍ ነበር ወይ ብትይኝ፣ አላውቅም። እውነቴን ነው፣ አላውቅም። አንዳንዱ በሽተኛ ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚሄደው። ግን አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ነቅቶ የሚያድር ሰው አላየሁም። አንቺ ከተኛሽ ሌላ ሞት የሚመጣ ይመስልሻል፤ ልብሽ የሚያባንንሽ ለዚያ ነው።»

ያን ቀን ጡጫ መጨበጥ፣ ክንድ መገተር የሚባል ነገር ቀረ። ለንሳ ያስተማረቻት ትንፋሽ ብቻ ነው። አንድ እጅን ሆድ ላይ ማድረግ፣ እስከ አራት እየቆጠሩ በአፍንጫ ማስገባት፣ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ቀስ ብሎ ማስወጣት። «እንቅልፉን አትፈልጊው» አለቻት። «ሐሳብ ሲመጣ አትጣዪው፤ መጣ በይና ወደ ትንፋሽሽ ተመለሺ። ከዚያች ክፍልም ለቀሽ ውጪ። በባዶ አልጋ አጠገብ ማን ይተኛል?»

መሊካ ፍራሿን ወደ ሱቁ ጓዳ አዛወረች። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሰዓት ተኛች፤ በሁለተኛው ሁለት። መስከረም ጠብቶ ሜዳው ቢጫ ሲለብስ፣ መቀሷ እንደ ድሮው ቀጥ ብሎ ይቆርጥ ጀመር። አንድ ነገር ግን አላልፍ አላት። ትንፋሿ ረግቶ ሰውነቷ መስጠም ሲጀምር የአባቷ ድምፅ ይመጣል። እህቱ እጅ ላይ ነው ያለፈው። «መጣ» ትላለች እንደተማረችው። ድምፁ ግን መጥቶ አይሄድም።

በጥቅምት አንድ ቀን፣ ከከሰዓቱ የዐስር ሶላት በኋላ፣ ሐጂ ሙሂዲንን ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። እግራቸው ሥር ተንበረከከች።

«አባ፣ ስለ ደሊል የነገርኩዎት እውነት አይደለም። ተኝቼ ነበር። አጠገቡ ሆኜ አልሰማሁም።»

ሽማግሌው ቶሎ የገባቸው አልመሰላትም። ቆይተው «በስንት ሰው ፊት ተናገርኩት» አሉ። ከዚያም ድምፃቸው እየቀጠነ፣ «እኔ እኮ በዚያች ቃል ነበር የምተኛው፣ መሊካ» አሉ። ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱ። እጇን ዘርግታ ልትደግፋቸው ብትል አልያዙላትም። የማታው የመግሪብ ሶላት ገና ሳይደርስ ወደ መስጊድ ሄዱ።

ያን ሌሊት መሊካ እስከ ሱብሒ ተኛች። አልባነነችም፤ ሕልምም አላየችም። ስትነቃ እንደዚያ የሐምሌ ጠዋት ሰውነቷ ቅልል ብሏት ነበር፤ ፊቷን በብርድ ልብሱ ሸፍና አለቀሰች።

አባቷ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጡ። ከሰላምታ በቀር ቃል አይወጣቸውም። ምግቡን ታቀርባለች፣ ትንሽ ቀማምሰው ይገፉታል። ቀን ቀን ጭንቅላታቸው ይወርድና ደንግጠው ቀና ይላሉ። መሊካ ያንን አቀናናቸውን ታውቀዋለች፤ የራሷ ነበር። ለንሳን «ከእኔ አንስቼ እሳቸው ላይ ጫንኩት» ብትላት፣ ለንሳ «አጠገባቸው ሁኚ» ነው ያለቻት።

ኅዳር ገባ። አንድ ቀን ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ሱቁን ዘግታ ወደ ቤታቸው ገባች። ሐጂ ሙሂዲን ፍራሻቸው ላይ በጀርባቸው ተጋድመው ጣሪያውን ያያሉ። ከጎናቸው መሬቱ ላይ ተቀመጠች። አልተቆጡም፤ ዘወር በይም አላሉም።

«ብቻውን ነበር?» አሉ ዓይናቸውን ከጣሪያው ሳያነሱ።

«ብቻውን ነበር አባ።»

ውጪ ባጃጅ እያጓራ አለፈ።

«እኔም ተኝቼ ነበር» አሉ። «አንድ ግቢ ውስጥ ነኝ። የልጁን ነገር ሁሉ ላንቺ ጥዬ፣ ሁልጊዜ ተኝቼ ነበር። አንቺን ምን ብዬ እጠይቃለሁ?»

መሊካ የአባቷን እጅ አነሳች፤ ይህን ጊዜ አልከለከሏትም። ቀስ ብላ ሆዳቸው ላይ አስቀመጠችው።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እስከ አራት እየቆጠሩ ይሳቡ። እስከ ስድስት እየቆጠሩ ይልቀቁት።»

«የሐኪም ቤት ጨዋታ ነው?»

«አዎ። እኔ ነኝ የምቆጥርልዎት፤ እርስዎ ዝም ብለው ይተንፍሱ።»

ትንፋሻቸው መጀመሪያ ተቆራረጠ። ሦስት ላይ ያልቅባቸዋል፤ አንዳንዴም በመሐሉ ሲቃ ይይዛቸውና ደረታቸው ይናጣል። መሊካ ሲቃው እስኪያልፍ ትጠብቅና ከአንድ ትጀምራለች። ደጋግማ ከአንድ ጀመረች። ከብዙ ጊዜ በኋላ የሽማግሌው ዓይን ተከደነ። እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሏት ቆጠራዋን አቋረጠች።

«ቁጠሪ እንጂ» አሉ።

ቆጠረች።