ያልተጎረሰው የሩዝ ጫፍ

በትምህርት ቤታችን መምህራን ሲጋጩ ርዕሰ መምህሯ ቡ ሬትኖ እንደ ተራራ የተቆለለ ቢጫ ሩዝ ከዶሮ ጋር ያሠራሉ። የሩዙን ጫፍ ቆርጠው በሳህን ለተበደለው ይሰጣሉ፤ እሱ ከጎረሰ ጠቡ አለቀ፣ ዳግም አይነሣም።

ያን ሰኞ በመምህራን ስብሰባ ላይ ጫፉ ለወጣቷ መምህርት ለላራስ ደረሰ። አንጋፋው የሒሳብ መምህር ፓክ ዳርሶኖ አምስተኛ ክፍል ገብተው በተማሪዎቿ ፊት «ክፍልፋይ ለራሷስ መቼ ገባትና!» ብለዋት ነበር።

ላራስ ሳህኑን መለሰችው።

«ጉረሺ እንጂ ልጄ፣ ቀዘቀዘ» አሉ ቡ ሬትኖ።

«ይቀዝቅዛ! የተሰደብኩት ልጆቹ ፊት ነው፤ ይቅርታውም እዚያው ይሁን።»

«ለአንዲት ቃል ይሄ ሁሉ?» ሳቁ ፓክ ዳርሶኖ። «ሩዙን ከጠላሽው ዶሮውን ብይ።»

«ዶሮውን ለእርስዎ መርቄልዎታለሁ።»

ቡ ሬትኖ ተናደዱና ሳህኑን አጠገቧ ለተቀመጥኩት ለእኔ ሰጡኝ፤ «በይ አንቺ ጉረሺላትና እንገላገል።» ስብሰባ ላይ ተናግሬ አላውቅም። ሳህኑን ግን ለስፖርት መምህሩ አሳለፍኩት። እሱም አሳለፈው። እንዲህ እየተቀባበልነው ማንም ሳይነካው ፓክ ዳርሶኖ ፊት ደረሰ።

ፓክ ዳርሶኖ ሩዙን አዩ፣ እኛን አዩ፤ የሚስቅላቸው አልነበረም። ቀስ ብለው ተነሡ።

«ልጆቹ አሁን የት ናቸው?»

«ክፍላቸው። መንገዱን ያውቁታል» አለች ላራስ፣ በሩን ከፍታላቸው።