ውሰት የማያውቀው ቤት

«ቁልፉ» ብለው ስም ያወጡለት የፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበር፤ ከእሱ መዶሻ የተዋሰ ሰው ሰላም አያገኝም። በሰዓቱ ካልመለሰ ምሳው ላይ ሄዶ ከነማንኪያው ያስነሳዋል። በተረፈ ክፋት የለበትም። ክፉ ሰው ሚስቱን እንደዚያ አይወድም።

ገጠር እንግባ ያለው እሱ ነው። ሚስቱ ፀጉር ሠሪ ነበረች፤ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ጭንቅላቱን አስረክቧት ምስጢሩን ሲያራግፍ ስለኖረ ያለ ወሬ መዋል አታውቅም። ቢሆንም ትወደው የለ፣ እሺ አለችው። የከተማውን ቤት ሸጠው ከአንድ ጫካ ሥር ባለ ሁለት ክፍል ቤት ከነጓሮው ገዙ። ቁልፉ ገና ሳይጓዙ መሰላሉን፣ አካፋውን፣ መጋዙን፣ ወንፊቱን፣ ገመዱን በየውፍረቱ ሸመተ። «እዚያ ሄጄ የሰው ፊት አላይም» ይላል። ጓዳውን ሙሉ መደርደሪያ ሠራበት፤ ምስማር እንኳ በየቁመቱ ጣሳ ተመደበለት።

ወራት አለፉ። ጎረቤቶቹ መንገድ ላይ ሲያገኟቸው ሞቅ አድርገው ሰላም ይሏቸዋል፤ ደጃቸውን የረገጠ ግን የለም። ሚስትየዋ መጀመሪያ ከዶሮዎቹ ጋር ማውራት ጀመረች። ቁልፉ ሳቀባት። ቀጥሎ ከዶሮዎቹም ጋር ማውራቱን ተወችው፤ ይሄኛው አላሳቀውም። አንድ ጠዋት ድንች እየላጠች፣ ምንም ሳትቆጣ ነገረችው።

«አንተ ሰውዬ፣ አዝመራው እስኪሰበሰብ ልጠብቅ። ከዚያ ልጃችን ጋ እሄዳለሁ።»

«እኔስ?»

«አንተማ ተመችቶሃል። እየመጣሁ አይሃለሁ።»

ሚስቱ እየመጣች የምታየው በሽተኛ ነው ወይ? አብሯት እንዳይሄድ የልጃቸው ቤት አንድ ሰው የሚይዘውም በመከራ ነው። ምሳውን ሳይነካ ወጣና ከማዶ ያለችውን ንብ አርቢ አጥሯ ሥር አገኛት።

«እህቴ፣ ምን አጥፍተን ነው ሰው የሚሸሸን?»

ንብ አርቢዋ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ኧረ ምንም አላጠፋችሁም ጋሼ። ግን በምን ሰበብ እንምጣ? እኛ የምንጠያየቀው እኮ ዕቃ ፍለጋ ነው። የኔ መጥረቢያ አናጢው ቤት ነው ያለው፣ የሱ ባልዲ እኔ ጋ። እናንተ ሁሉም ሞልቷችኋል፤ አትጠይቁ፣ አታስጠይቁ።»

ቁልፉ ቤቱ ገብቶ የሚኮራበትን መደርደሪያ ቆሞ አየው። ጠላው። ሚስቱ ልብስ ልታጥብ ወንዝ ስትወርድ ወንፊቱን፣ መጋዙንና አካፋውን ከዶሮ ቤቱ ጀርባ ድርቆሽ ውስጥ ሸሸጋቸው። ከዚያ ዓይኑን በጨው አጥቦ ወደ መንደሩ ወጣ። ከንብ አርቢዋ ወንፊት፣ ከአናጢው መጋዝ፣ ከወፍጮ ቤቱ ሰውዬ አካፋ ተዋሰ። የመጀመሪያውን ሲጠይቅ በላብ ተጠምቆ ነበር።

አንዱንም አልመለሰም። ዕድሜ ልኩን ሰው ሲያሳድድ የኖረው ሰውዬ አሁን ባለንብረት ሲመጣ በመስኮት አይቶ በጓሮ በር ሹልክ ይላል። አናጢው መጋዙን ፈልጎ መጣ፤ ሚስትየዋ ቁጭ በል አለችው፤ የአማቱን ጉድ ዘርዝሮ ሄደ። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ አካፋውን ሲጠይቅ ፀጉሩ ጆሮውን መሸፈኑን አየችና መቀሷን አወጣች፤ እሱም ሰንበት ብሎ ሚስቱን ላካት። ቁልፉ ድርቆሹ ላይ ተቀምጦ ሳቋን ሲሰማ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

እሷ ግን ሥጋት ገባት።

«ምን ነክቶሃል? የሰው ዕቃ አትመልስም? ጃጀህ እንዴ?»

«ዘነጋሁት» ይላታል ጣራ ጣራ እያየ።

አንድ ቀን ንብ አርቢዋ፣ ማር የማጣራበት ጊዜ ደረሰ ብላ ወንፊቷን ልትወስድ መጣች። ቁልፉ እንደ ልማዱ ተሰውሯል። ሚስትየዋ ጓዳውን አገላብጣ አጣችውና፣ ባሏ ሰሞኑን ፀጉሩ ላይ ድርቆሽ እያንጠለጠለ መግባቱ ትዝ ቢላት ሴትዮዋን ይዛ ወደ ዶሮ ቤቱ ሄደች። ድርቆሹን ገለጥ ሲያደርጉት ሁለት ወንፊት፣ ሁለት መጋዝ፣ ሁለት አካፋ ተጋድሟል።

«አለቀልኝ፤ ጭንቅላቱ ሄዷል» አለች ሚስትየዋ።

ንብ አርቢዋ አንዱን መጋዝ አነሳች። በዘይት ተወልውሎ በጆንያ ተጠቅልሏል።

«የጃጀ ሰው እንዲህ አያደርግም እትዬ» አለችና አጥሯ ሥር የጠየቃትንና የመለሰችለትን አንድ ሳታስቀር ነገረቻት።

ቁልፉ ንብ አርቢዋ ሄዳለች ብሎ ብቅ ሲል ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ማምለጫ አጣ።

«ለኔ ብለህ ነው?» አለችው ሚስቱ።

«እየመጣሁ አይሃለሁ ስላልሽኝ ነው።»

ሚስትየዋ ድርቆሹ ላይ ተቀመጠችና ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። ንብ አርቢዋ የራሷን ወንፊት ትታ የእነሱን ብብቷ ሥር ሸጎጠች። «ይሄን ወስጃለሁ፤ ስትፈልጉት መምጣት ነው» ብላ መንገዷን ቀጠለች።

አዝመራው ተሰበሰበ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ልጃቸው ደወለች። ሚስትየዋ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ይዛ የአናጢውን ሚስት ፀጉር እያበጠረች ነበር፤ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ሚስት ተራዋን ትጠብቃለች፤ ንብ አርቢዋ ደጃፉ ላይ ቆማለች።

«አሁን መምጣት አልችልም ልጄ» አለች፣ «ሰው ተቀምጦልኛል። የቆመም አለ።»

ቁልፉ በራፉ ላይ ሆኖ ሰማ። ለዚያ ሁሉ ዕቃ የተጨነቀው ሰው ወንበር የገዛው ሁለት ብቻ ነበር። ፊቱ እየበራ፣ ወንበር ሊዋስ ወደ አናጢው ቤት ሮጠ።