የድንቢጥ አክስት ችሎት ፊት

ፀጉር ሠሪዋ እህቷን ቀብራ የእህቷን ልጅ ወደ ቤቷ ስትወስድ ማንንም አላስፈቀደችም። ማንን ታስፈቅድ? አባትየው ቀድሞ ሞቷል፤ ልጅቷን ከጨቅላነቷ ጀምራ "ድንቢጥ" እያለች ያቆላመጠቻት እሷው ናት። የአባትየው ታላቅ ወንድም ግን "የወንድሜ ልጅ በኪራይ ቤት አታድግም" አለና ጠበቃ ይዞ ፍርድ ቤት ሄደ። ሞግዚቷ እኔ ልሁን ባይ ነው።

አክስትየዋ ጠበቃ ለማቆም አቅሟ አልፈቀደም። እጇን አጣጥፋ መቀመጡንም አላወቀችበትም። አንድ ቀን ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ስር የተቀመጠች ደንበኛዋ "አንቺ፣ እስቲ ስልክሽን አምጪው" ብላ አንድ ድረ ገጽ ከፈተችላት። ሕጉን ቁጭ ብሎ እንደሚያጫውት ሰው ያስረዳል፤ ለክስ መልስ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ችሎት ፊት ምን እንደሚባል፣ ሁሉም በነጻ።

ከዚያ ወዲያ ቀለሙ እስኪይዝ፣ ፀጉሩ እስኪደርቅ ማንበብ ሆነ። መልሷን ስትጽፍ መጀመሪያ ሰውየውን ልክ ልኩን ነገረችው፤ እህቷ ስትታመም አንዴ እንኳ ብቅ እንዳላለ ሳይቀር። ገጹ ግን "ዳኛ የሚመዝነው ለልጁ የሚበጀውን ነው፤ ስድብ ማስረጃ አይሆንም" ይላል። ያን ሁሉ አጠፋችው። በምትኩ ድንቢጥ የት እንደምትማር፣ ትኩሳት ሲይዛት ማን ሐኪም ቤት ይዟት እንደሚሮጥ ጻፈች፤ መምህርቷንና ጎረቤቷን ምስክር ቆጠረች።

በቀጠሮው ቀን ምስክሮቹ ከተሰሙ በኋላ ጠበቃው የአጎትየውን ሰፊ ቤትና ትዳር በጨዋ ደንብ አስረዳ። ዳኛዋ ወደ አክስትየዋ ዞሩ።

"ጠበቃ የለዎትም?"

"የለኝም፣ ክብርት ዳኛ። ራሴ እናገራለሁ።" ከመቀመጫዋ ተነሣች። "ቤቴ ጠባብ ነው፣ አልዋሽም። ግን እናቷ ስትናፍቃት የምታለቅሰው እኔ ላይ ተጠምጥማ ነው። አጎቷም እንዲርቋት አልፈልግም፤ እሑድ እሑድ ይምጡላት።"

ዳኛዋ ድንቢጥን ቢሯቸው አስገብተው ለብቻዋ አነጋገሯት። ተመልሰው ሲቀመጡ ውሳኔውን አነበቡ፤ ሞግዚቷ አክስቷ፣ እሑድ የአጎቷ።

ኮሪደሩ ላይ አጎትየው ጠጋ አላት። "መልሱን ማን ጻፈልሽ?"

"ራሴ ነኝ፣ ጋሼ።"

ወደ ድንቢጥ ዞር አለ። "እንግዲህ እሑድ ስመጣ... ምን ልያዝላት?"

"እሷን ይጠይቋት እንጂ!"

ጎንበስ ብሎ ጠየቃት።

"ኳስ" አለች ድንቢጥ።

"ኧረ እኔ ጉልበቴ አይሮጥም፣ የኔ ልጅ!"

ድንቢጥ ከእግር እስከ ራሱ ለካችው። "በረኛ ይሆናሉ።"